የሁለቱ መሬት ጉዳይ

ኤሌክትሪክን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስረዳት የሚችል ሰው ሬዲዮም ይጠግናል ብለው በሚያምኑ ሰዎች መሀል የኖረ አስተማሪ መከራዬ ይገባዋል። ጋምቤላ ሳለሁ ፊዚክስ አስተምር ነበር። በዚህ ኃጢአቴ የተነሳ የጎረቤት ቴፕ ካሴት ባኘከ ቁጥር፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ባስነጠሰ ቁጥር የምጠራው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜማ ወርቅ ጥርስ ያስተከለ ሹፌር ጥርሱ ውስጥ የሚነዝር ነገር አለ ብሎ ደጄ ድረስ መጥቷል። ጥርሱ ብረት ነው፣ ንዝረቱ ኤሌክትሪክ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የእኔ ነው።

ክልሉ ያኔ ገና አዲስ ነበር። ማኅተሙ ከመሥሪያ ቤቱ ቀድሞ የደረሰበት ጊዜ ነው። ጠረጴዛ የሌለው ኃላፊ አይቻለሁ፤ ማኅተም የሌለው ግን አላየሁም። ደግሞም «መሬት» የሚለውን ቃል ያለ ስብሰባ ማንሳት የማይቻልበት ወቅት ነበር። ወሰኑ የት ነው? ማን ያርሰዋል? ማን ቀድሞ ነበረ፣ ማን ኋላ መጣ? ጠዋት ስብሰባ፣ ከሰዓት ስብሰባ፣ ሲመሽ ባሮ ዳር የስብሰባው ሐሜት። እኔ መጽሐፍ በብዛት ያነበብኩ፣ ሰው ግን በጥቂቱ ያነበብኩ ወጣት ነበርኩና ከስብሰባ እሸሽ ነበር። መሬት ግን በፊዚክስ በር ዞሮ መጣብኝ።

ደመናው ከከተማው በስተደቡብ፣ በአቦቦ በኩል መጠቅጠቅ የጀመረበት ሰሞን ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሲስተር ትርንጎ ነበረች፤ ከጎሬ የመጣች ነርስ፣ የክትባት መጋዘኑ ኃላፊ። በቀላሉ የማትደነግጥ ሴት ናት። ያን ዕለት ግን ጋወኗን እንኳ ሳትቆልፍ ነው የመጣችው።

«መምህር፣ ይነሱልኝ እባክዎ። ቁጥሩ ጠፋ።»

«የምን ቁጥር?»

«የፍሪጁ! የክትባቱ!»

ነገሩን በመንገድ ላይ አስረዳችኝ። ጎግ ወረዳ ውስጥ ኩፍኝ ገብቷል። ከዚያ የመጣ ኦጁሉ የሚባል የጤና ረዳት ክትባቱን ይዞ ሊመለስ መጋዘኑ ደጅ ተቀምጧል። መኪና ተገኝቷል። ሆኖም ዝናቡ ከቀደመ ጥቁሩ አፈር መንገዱን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ መሄድ አለበት። ደንቡ ደግሞ የፍሪጁ ሙቀት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ካልሆነ አንድም ብልቃጥ እንዳይወጣ ይላል። ሙቀቱን የሚናገረው ግድግዳው ላይ ያለው መሣሪያ ብቻ ነው፤ እሱም ቁጥር መስጠት አቁሟል።

«እጅዎን አስገብተው አይተዋል?»

«አይቻለሁ፤ ይቀዘቅዛል። ግን ጋምቤላ ነው ያለነው እኮ መምህር! እዚህ ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ ለእጅ የማይቀዘቅዝ ምን አለ?»

እውነቷን ነበር። በዚያ ሙቀት ውስጥ የኖረ እጅ ለምስክርነት አይበቃም። የመጋዘኑ ቴርሞሜትር ከተሰበረ ቆይቷል። የክሊኒኩ ቴርሞሜትሮች የሰው ትኩሳት ነውና የሚያውቁት ከሠላሳ አምስት በታች ማንበብ አይችሉም። የእኛ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ዕቃ ደግሞ በጠቅላላው «ነበር» በሚል ቃል የሚገለጽ ነበር፤ ቴርሞሜትር ነበር፣ ባለመርፌ ቮልትሜትርም ነበር።

መጋዘኑ ጋ ስንደርስ ሁለት ሰዎች ጠበቁን። አንደኛው ኦጁሉ ነው፤ ባዶ የክትባት ሣጥን ላይ ተቀምጦ እንኳ ከእኔ ቁመት የማያንስ አኙዋክ። ሁለተኛው አቶ መኳንንት፣ የግቢው አስተዳደር ሹም፣ የቀድሞ የአማርኛ አስተማሪ። አስተማሪነቱን ቢተውትም አማርኛው ግን አልተዋቸውም።

«ቲቸር፣ አንተ ነህ ቁጥር የምታመጣ?» አለኝ ኦጁሉ። አስተዳዳሪውንም አሽከሩንም አንተ ነበር የሚለው።

«‹ቁጥሩን የሚያመጡት እርስዎ ነዎት?› ነው የሚባለው» አሉ አቶ መኳንንት።

«እሺ። አንተም ይሁን፣ እርስዎም ይሁን፣ ቁጥር ይምጣ።»

መሣሪያውን ከዓመታት በፊት ለሥራ መጥቶ የነበረ አንድ የአዲስ አበባ ኢንጂነር ነው የሠራው። ፍሪጁ ውስጥ ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር አለች። የምትሰጠው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። ስለዚህ በሽቦ ወደ አንድ ቆርቆሮ ሣጥን ይሄድና ኦፕ አምፕ የምትባል ስምንት እግር ያላት ጥቁር ጢንዚዛ መሰል ነገር ታጎላዋለች። የጎላውን አንድ ዲጂታል ቮልትሜትር ለክቶ በመስታወቱ ላይ ቁጥር ያወጣል። አምስት ካለ ፍሪጁ አምስት ዲግሪ ነው። ያን ጠዋት ግን ከዳር አንዲት «1» ብቻ ቆማ ቀሪው ባዶ ነበር። ቮልትሜትር እንዲህ ሲያደርግ «ከአቅሜ በላይ ነው» ማለቱ ነው። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሹማምንት ሁሉ ይህን በግልጽ የተናገረ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ቆርቆሮውን ስከፍተው ማጉያው የጣራው ሶላር በሚሞላው ትልቅ ባትሪ እንደሚሠራ አየሁ። የቮልትሜትሩ ትንሽ ባትሪ ቦታ ግን ባዶ ነው። ከትልቁ ባትሪ አዲስ ሽቦ ተስቦለታል።

«ይህን ማን ነካው?»

ሦስቱም ጣራውን አዩ።

«ትንሿ ድንጋይ አልቃ ቁጥሩ ደብዝዞ ነበር» አሉ በመጨረሻ አቶ መኳንንት። «ትናንት ሲስተር ‹ስድስት ትመስላለች፣ ስምንትም ልትሆን ትችላለች› ብላ ስትጨነቅ ጊዜ ከትልቁ ሰጠሁት። ትልቅ ባትሪ አጠገቡ እያለ በትንሽ ድንጋይ መሰቃየት ምን ይሉታል?»

ነገሩ አሳማኝ መሰለኝ። እናም ጥፋቱን ሌላ ቦታ ስፈልግ ረፋዱን ጨረስኩት። ሽቦ ፈታሁ፣ አሰርኩ። ጢንዚዛዋን አውጥቼ ቆርቆሮው ውስጥ በተቀመጠችው መለዋወጫ ተካኋት። እግሮቿን በምላጭ ፋቅኩ። ላቤ ሰሌዳው ላይ ተንጠባጥቦ አዲስ ብልሽት እንዳይፈጥር አንገቴን በሻሽ ጠመጠምኩ። «1»። በየመሀሉ ምክር ይዘንብብኝ ነበር፤ ሲስተር ንጹሕ አልኮል ይሻለዋል አለች፣ አቶ መኳንንት እረፍት ይሰጠው አሉ፣ ኦጁሉ «ምታው» አለኝ። መታሁት። «1»።

ከዚያ በኋላ ነው የሁለቱ መሬት ነገር ትዝ ያለኝ። በኤሌክትሪክ ቋንቋ መሬት ማለት ቮልት የሚቆጠርበት መነሻ፣ ዜሮው ነው። ማጉያው የራሱ መሬት አለው፣ ቮልትሜትሩም የራሱ። በሁለቱ መሀል ሽቦ የለም። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ መሬት ይገናኝ ይላሉ። ኢንጂነሩ ያልተገናኘውን ትቶት የሄደው ረስቶ ይሆን ወይስ አስቦበት? መጠየቅ ነበረብኝ፤ የሚጠየቀው ደግሞ በሬዲዮ ነው።

የሬዲዮ ክፍሉ አስተዳደሩ ግቢ ነው። ከማንጎው ዛፍ ሥር ለሌላ ስብሰባ የተጠሩ ሽማግሌዎችና ካድሬዎች ተቀምጠዋል። ሬዲዮው ይንጫጫል፣ አዲስ አበባ ያለው ሰው አይሰማኝም፣ ስለዚህ ጮህኩ፦

«ሁለቱ መሬት ይገናኝ ወይስ ተለያይቶ ይቅር? መልሱን ዛሬውኑ እንፈልጋለን!»

ከማንጎው ሥር ያለው ሁሉ ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ዞረ። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው በመስኮት ብቅ አሉ።

«አስተማሪ፣ እሱ በሬዲዮ ነው እንዴ የሚወሰን? እኛ እዚህ የተሰበሰብን ለምንድነው?»

የፍሪጅ ነገር መሆኑን ለማስረዳት የወሰደብኝ ጊዜ ሬዲዮውን ለማግኘት ከወሰደብኝ ይበልጣል። ያመኑኝም አይመስለኝም። ኢንጂነሩ ቢሮው ስላልነበረ ፈልገው መልሱን ከሰዓት እንደሚነግሩን ቃል ገቡ። ኦጁሉ «እኔ እጠብቃለሁ፣ መጠበቅ እችላለሁ» ብሎ ሬዲዮው አጠገብ ቀረ። እኔ ብየዳ ፍለጋ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የከተማው መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ስለነበር የብየዳውን ብረት የማግለው እንደ ባላገር አንጥረኛ በከሰል ነው።

ስመለስ አቶ መኳንንት በፈገግታ መጋዘኑ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«መልስ መጥቷል! ‹ሁለቱን መሬት እንድታገናኙ› ተብሏል።»

ኦጁሉ ከኋላቸው ቆሞ ወደ መኪናው ያያል፤ ከንፈሩን አሹሏል። አልጠየቅኩትም። መጻሕፍቱ የሚሉት፣ አዲስ አበባ ያለው፣ እኔም የምፈልገው አንድ ሆኗል። ብረቱን አግዬ አንዲት አጭር ሽቦ ከአንዱ መሬት ወደ ሌላው በየድኩ።

ቁጥሩ መጣ። 4.1።

ሲስተር ትርንጎ እልል አለች። አቶ መኳንንት ጨበጡኝ። ከአንድ ሆቴል የመጣ በረዶ ሣጥኖቹ ውስጥ ተደረደረ፣ ብልቃጦቹ ከፍሪጁ ወጥተው እየታሸጉ መኪናው ላይ ይጫኑ ጀመር፣ ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። 4.0። 3.9። 4.1። እንዴት ያለ የታረመ ቁጥር! እኔም ጥጌን ይዤ የምስጋናዬን ውኃ እየጠጣሁ አየዋለሁ። ሳየው ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝ። የፍሪጁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የጋምቤላ ቀትር እንዳለ ገብቶበታል። ቁጥሩ ግን ወይ ፍንክች።

ባቄላዋን ከፍሪጁ ጎትቼ አወጣኋትና ሸሚዜን ፈትቼ ብብቴ ሥር ከተትኳት። ጠበቅኩ። 4.0።

«ወገኖቼ» አልኩ፣ «በዚህ መሣሪያ መሠረት እኔ ከሞትኩ ቆይቻለሁ።»

«መምህር፣ የቀልድ ሰዓት አይደለም፤ መኪናው ሊሄድ ነው» አሉ አቶ መኳንንት።

«አልቀለድኩም። የሬሳ ያህል ቀዝቅዣለሁ ይላል።»

ሲስተር ትርንጎ ሣጥኑን አስቀምጣ መጣች። ፊቷ ተለዋውጧል።

«ይመልሱት! እባክዎ ወደ ቦታው ይመልሱት! ሲጠፋ ጮሁ፣ ሲገኝ ይጮኻሉ። አራት ነው ብሏል። ደንቡ ከሁለት እስከ ስምንት ነው፤ አራት መሀሉ ነው!»

«ብብቴም አራት ነው ሲስተር። ብብቴንም ይጫኑታ!»

«ልጆቹ እየሞቱ ነው!» ብላ ጮኸች።

ያኔ ኦጁሉ መጣና ባቄላዋን ከእጄ ወስዶ በሰፊ መዳፉ ጨበጣት። ቁጥሩን አየ። 4.1። ጭብጡን አጠበቀ። 4.1። ባቄላዋን ቀስ ብሎ መለሰልኝ።

«ቲቸር፣ ሬዲዮው ‹እንዳታገናኙ› ነው ያለ።»

«ምን?» አሉ አቶ መኳንንት። «‹እንዳታገናኙ› ማለትኮ አታገናኙ ማለት ነው!»

«አዎ። እሱ ነው ያለ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩህ! እኔ ‹ዳ› አልኩ፣ አንተ ‹ድ› ነው አልክ። ደግሜ ‹ዳ› አልኩ፣ አንተ ‹ድ በል፣ ምላስህን አስተካክል› አልክ። አማርኛ ያንተ ነው። ውሰድ አልኩ።»

አቶ መኳንንት ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያም በሕይወቴ ከሰማኋቸው መከላከያዎች ሁሉ እጅግ ቅን የሆነውን ተናገሩ፦

«በዚህ ዘመን ‹መሬት አይገናኝ› የሚል ቃል ከመንግሥት ሬዲዮ ይወጣል ብዬ እንዴት ልገምት?»

ማንም አልሳቀም። እኔም የሳቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። የበየድኳትን ሽቦ በጠስኩ። አቶ መኳንንት ጎትተው ያመጡትንም የትልቁን ባትሪ ሽቦ ነቀልኩ፤ እሱም ሁለቱን መሬት በጓሮ በር ያገናኝ ነበርና። ቮልትሜትሩ ከማጉያው ጋር አንድ ባትሪ መጋራት አልነበረበትም፤ የራሱ ምንጭ፣ የራሱ ዜሮ ያስፈልገዋል። ትንሿ ድንጋይ እንዲያ የተለየችው ለዚህ ነበር። አቶ መኳንንት ወደ ቢሮአቸው ሄዱና ዜና የሚሰሙበትን ሬዲዮ ይዘው መጡ። ሆዱን ከፍተው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አኖሩ። የጎደለውን ኦጁሉ ከእጅ ባትሪው ሞላ። ድንጋዮቹን የአንዱን አፍ ከሌላው ቂጥ አገጣጥሜ በካርቶን ጠቅልዬ በብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ በካላማዳሪ አሰርኳቸው።

ባቄላዋ ብብቴ ሥር ስትገባ ቁጥሩ ሠላሳ አምስትን አልፎ ወጣ። ከሞት ተነሣሁ። የሚቀልጥ በረዶ ብርጭቆ ውስጥ ስነክራት ወደ ዜሮ ወረደች። አሁን እውነት ትናገራለች። ወደ ፍሪጁ አስገባኋት፣ በሩን ዘጋን፣ አራታችንም መስታወቱ ፊት ቆምን።

ሃያ። አሥራ ሰባት። አሥራ አራት። አሥራ ሦስት።

አሥራ ሦስት ላይ ቆመ።

«በሩ ተከፍቶ ስለቆየ ነው» አለች ሲስተር። ጠበቅን። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። በአቦቦ በኩል ሰማዩ አጉረመረመ። አሥራ ሦስት። ጎንበስ ብዬ ፍሪጁ የሚሠራበትን የላምባ እሳት አየሁት፤ ቢጫ ሆኖ ይጨሳል፣ ጥላሸቱ ጭስ ማውጫውን ሞልቶታል። የደከመው ድንጋይ የትናንት «ስድስት» አይታመንም፤ ብልቃጦቹ በዚህ ሙቀት ስንት ቀን እንደቆዩ ማን ያውቃል?

«አሥራ ሦስትና ስምንት ያን ያህል...» ብለው ጀመሩ አቶ መኳንንት፤ ሳይጨርሱት ተዉት።

ሲስተር ትርንጎ ኦጁሉን አየችው። ደንቡ በእጇ ነው፤ ልጆቹ ግን የእሱ ናቸው።

«አንተ ምን ትላለህ?»

ኦጁሉ ወደ መኪናው ዞረ።

«እናት ልጁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ለእኔ የሚሰጥ» አለ። «ወጋሁት፣ አለቀሰ። ከዚያ ኩፍኝ ያዘው። ከዚያ በኋላ ኦጁሉ ሲመጣ በር ይዘጋል። ለኩፍኝ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም መድኃኒት ይዘጋል። ልጁ ልጅ ሲወልድም ይዘጋል። ሲስተር፣ አውርጂው።»

ሣጥኖቹን ራሱ አወረዳቸው። መኪናው ላይ ወጥቶ ባዶ እጁን ወደ ጎግ ሄደ፤ ዝናቡ ከተማውን ሳይለቁ ያዛቸው። ሲስተር ብልቃጦቹን ለማስወገድ ወደ አንድ ጥግ ስታደርግ በአጠገቤ አለፈች።

«አሁን ደስ አለዎት?» አለችኝ።

አላለኝም። ትክክል መሆን እንዲህ የሚመርር መሆኑን ያነበብኳቸው መጻሕፍት አልነገሩኝም። ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም ወዳጄ ታሪኩን ሰምቶ «የኩፍኙ ክትባት ደረቅ ዱቄት ስለሆነ ምናልባት ይተርፍ ነበር» ብሎኛል። ይህን በሰማሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እስቲ እናንተ ፍረዱ። «ምናልባት» የሚል ብልቃጥ ይዛችሁ የሰው ልጅ ክንድ ላይ ትወጉ ነበር?

ታሪኩን ስጽፈው የሚያበሳጨኝ አንድ ነገር አለ። ያን ቀን የዋሸ ሰው የለም። አቶ መኳንንት ቋንቋ አረሙ፣ ሲስተር ደንብ ጠበቀች፣ እኔ የታዘዝኩትን በየድኩ፣ ኦጁሉ መታረም ሰልችቶት ዝም አለ። አራት ቅን ሰዎች ተባብረን አንድ ውሸታም ቁጥር ወለድንና እልል አልንለት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚስማማበት ነገር ያስፈራኛል። በዚህ ጠባዬ «ተቃዋሚ ካልሆነ የማይበላ» የሚል ስም ወጥቶልኛል፤ ሥራም አጥቼበታለሁ፣ ወዳጅም። ስለ አንድነትና ስለ መለያየት ታላላቅ መጻሕፍትን አንብቤ ከሁለቱም ወገን ጋር ተጣልቻለሁ። አንዳንድ ነገር የሚስማማው ሲገናኝ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የራሱ ዜሮ ሲኖረው ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለኩ የሚዘምሩትን አልችላቸውም። የሰው አማርኛ ማረምን ደግሞ ጨርሶ ጠልቼዋለሁ። ጋምቤላ ውስጥ አማርኛ የብዙ ሰው ሁለተኛ ልብስ ነው፤ ባለቤቱ ነኝ ባዩ ግን ሁልጊዜ ቁልፉን እያየ ሰውየው የሚለውን አይሰማም።

አዲሱ ክትባት በሚቀጥለው አውሮፕላን መጣ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ኦጁሉ ሊወስደው ተመልሶ መጥቶ፣ ከፊሉን በመኪና፣ ከፊሉን በእግሩ ሣጥኑን ተሸክሞ ገባ። በመካከሉ የሞቱ ልጆች ነበሩ። ስንት እንደሆኑ ነግሮኛል፤ እኔ አልጽፈውም።

ክረምቱ ሲወጣ ለሥራ ወደ ከተማ መጥቶ ቤቴ ጎራ አለ። ያን ጊዜ ባዶ እጁን ደርሶ ክትባቱ ስለተበላሸ መተዉን ሲናገር ሰዉ እንዴት እንደሰደበው፣ አንድ ሽማግሌም ጦር እንዳነሳበት አጫወተኝ። ክትባቱን ይዞ ሲመለስ ማንም አይመጣም ብሎ ፈርቶ ነበር። ከሁሉም ቀድማ የመጣችው በመካከሉ አንድ ልጇን የቀበረች እናት ናት። የቀረውን ልጇን ታቅፋ ፊቱ ቆመች።

«‹ይሄኛው እውነተኛው ነው?› አለችኝ» አለ ኦጁሉ።

«ምን አልካት?»

«‹አዎ› አልኩ።»

ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ውጭ አየ።

«ከዚያ ልጁን ሰጠችኝ።»